ጠመንጃ ስለ ምን ይስታል? ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር እስከ ካዛንቺስ

በአዲስ አበባ መካከል፣ በቂርቆስ ወገን፣ «ጠመንጃ ያዥ» እየተባለ የሚጠራ ሰፈር አለ። ስሙ ከቤተ መንግሥት አገልግሎት የመጣ ነው። ጠመንጃ ያዥ ማለት የጌታውን ነፍጥ ተሸክሞ የሚከተል፣ የሚወለውልና የሚጠብቅ፣ ሲጠየቅም አጕርሶ የሚያቀርብ ሰው ነው። ከዚያ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ካዛንቺስ ይገኛል። የዚህኛው ስም ታሪክ ግን ሌላ ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን በያዙበት ጊዜ ለሹማምንታቸውና ለጸሐፊዎቻቸው ቤት የሚሠራ የመንግሥት ድርጅት ነበራቸው፤ የድርጅቱ የስም መነሻ ፊደላት ተጋጥመው ሲነበቡ «ኢንቺስ» ስለሚሉ፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ያገሩም አፍ ይህን ፈጭቶ ካዛንቺስ አደረገው።

ይህ የአፍ ወፍጮ በሰፈር ስም ብቻ አልቆመም። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ጠመንጃ ውጅግራ ሆነ፤ የእንግሊዞቹ «ስናይደር» ሰናድር፣ «ማንሊኸር»ም ምንሽር ተባለ፤ በቤልጅግ አገር የተሠራው ማውዘር ደግሞ የሠሪው ስም ቀርቶ በአገሩ ስም ብቻ በልጅግ ተብሎ ቀረ። የስሞቹን አለዋወጥ የቋንቋ ሊቃውንት ቢመረምሩት ብዙ ያገኙበታል። እዚህ የሚፈለገው ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች በአዳኝና በወታደር እጅ ከገቡ በኋላ ስለ ምን ይስቱ ነበር? ስሕተቱስ የማን ነበር፤ የሰውየው ነው ወይስ የብረቱ?

ጥያቄው የባለ እጆች ጥያቄ እንጂ የታሪክ ጥያቄ የማይመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአሮጌው ሥርዓት አደን ለሥጋ ብቻ የሚደረግ ሥራ አልነበረም። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጐሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ግዳይ ጥሎ፣ ፎክሮ፣ በአደባባይ ይከበር ነበር፤ ክብሩም በጌጥና በጠጕር ቅባት ይታወቅለት ነበር። በብዙ አገር አዳኞች ዘንድ ደግሞ ግዳዩ የሚቈጠረው አውሬውን መጀመሪያ ላደማው ሰው ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያይቱ ጥይት ከሁሉ ትበልጥ ነበር። እርሷ ከሳተች ክብሩ ለጓደኛ ያልፋል። አቍስላ ብቻ ከቀረች ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ የቈሰለ ጐሽ ቍጥቋጦ ውስጥ ገብቶ አዳኙን እንደሚጠብቅ የማያውቅ የቈላ ሰው የለም። ስለዚህ የአንድ ጠመንጃ አለመቃናት የስምና የነፍስ ጉዳይ ነበር።

ነገሩ ከአደንም ያልፋል። ብዙ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የኢትዮጵያን ወታደር ጀግንነት ካመሰገኑ በኋላ፣ ተኵሱን ግን ይነቅፋሉ፤ ከፍ አድርጎ ይተኵሳል፣ ሳያነጣጥር ይተኵሳል ይላሉ። አንዳንዶቹም ምክንያቱን ከጠባይ ሊያወጡት ይሞክራሉ። አንድ ሕዝብ በባሕርዩ ዒላማ አይመታም ብሎ ከመፍረድ በፊት ግን የያዘውን መሣሪያ፣ ያጐረሰውን ጥይትና የቆመበትን መሬት መመርመር ይገባ ነበር። ይህ ምርመራ በሚገባ ተደርጓል ለማለት አይቻልም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የጥይቱ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ጠመንጃ የገባው በአንድ በርና በአንድ ዓይነት አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሰናድርን ይዞ መጣ፤ ሲመለስም ለደጃዝማች ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለተባሉት፣ ስለ ትብብራቸው መድፎችና ብዙ ጠመንጃዎች ትቶ ሄደ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ግብጾች ድል ሲሆኑ ሬሚንግተን ጠመንጃቸው በኢትዮጵያውያን እጅ ወደቀ። ወደ ሸዋ ደግሞ ፈረንሳዮችና ኢጣልያኖች በታጁራ፣ በአሰብና በዘይላ በኩል እየጫኑ ያመጡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ረምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆኖ ወደ እንጦጦ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ጭነት 2,040 በካፕሱል የሚተኰሱ አሮጌ ጠመንጃዎችና 60,000 የሬሚንግተን ጥይቶች እንደ ነበረ በራሱ ደብዳቤ ተጽፏል። አንባቢው ልብ ይበል፤ ጠመንጃውና ጥይቱ የአንድ ወገን አይደሉም። በአንድ ጭነት ውስጥ የተጀመረው አለመገጣጠም በአገሩ ውስጥ ሲበተን ምን ያህል እንደሚሰፋ መገመት አያስቸግርም።

የአለመገጣጠሙ ክፋት ደግሞ በዐይን የማይታይ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ጠመንጃዎች የፈረንሳዩ ውጅግራ አፉ 11 ሚሊሜትር ነው፤ የሩስያው በርዳን 10 ከ66 ገደማ፣ የኢጣልያው ቬተርሊ 10 ከ35 ገደማ ነው፤ የግብጹ ሬሚንግተን ከሁሉም ትንሽ ይሰፋል። የአራቱም ጥይት ወፍራም፣ አረሩም እርሳስ፣ መልኩም እኅትማማች ነው። ፋብሪካው ያወጣው ቀለሕ የማይገጥም ከሆነ ጠመንጃው አይዘጋምና ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። የተተኰሰውን ቀለሕ እንደ ገና እየሞሉ፣ አረሩንም በአገር ውስጥ ቅርጽ ቀልጦ እያፈሰሱ በሚጠቀሙበት ጊዜ ግን ጠመንጃው ይዘጋል፣ ይተኵሳል፣ ዒላማውን ግን አይመታም። ምክንያቱም የጠመንጃ አፍ ውስጡ ልሙጥ አይደለም፤ ጠመዝማዛ ቦይ አለው። አረሩ ያን ቦይ ነክሶ እየተሽከረከረ መውጣት አለበት፤ እንዝርት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሲሾር ብቻ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አረርም አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ የሚሄደው ሲሽከረከር ብቻ ነው። ከአፉ ግማሽ ሚሊሜትር የቀጠነ አረር ቦዩን አይነክስም፤ በጐኑም ጭስ ያመልጣል፤ እንደ ተወረወረ ጠጠርም እየተገለባበጠ ይሄዳል። በሃምሳ እርምጃ ርቀት ወረቀት ቢተከልና ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ የአረሩን ጐን ቅርጽ ቢያሳይ፣ ምስክሩ በቂ ነው።

ይህ በጥቍር ባሩድ ዘመን ብቻ የቀረ አይደለም። የጀርመኑ ማውዘር ጥይት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ሲወጣ አረሩ 8 ከ08 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ በ1905 ግን ወደ 8 ከ20 ከፍ ተደረገ። የጥይቱ ስም አልተለወጠም፣ ቀለሑም ያው ነው። ወፍራሙን አረር በአሮጌው ጠባብ አፍ መተኰስ አደገኛ ነው፤ ቀጭኑን በሰፊው አፍ መተኰስ ደግሞ ዒላማ ያስታል። ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ዝናር ሰክቶ የሄደ አዳኝ አንዱ ጥይት ሲመታለት ሌላው ሲስትበት «ጠመንጃዬ ጠባይ አመጣ» ቢል አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ወደ አንድ የኢትዮጵያ ብቻ ወደሚመስል ነገር እንመጣለን። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ አገሮች ጥይት ለብዙ ዓመት እንደ ገንዘብ ይሄድ ነበር። ከጠገራ ብርና ከአሞሌ ጨው ጐን፣ ለጥቃቅኑ ግብይት፣ የውጅግራ ጥይት በገበያ ይመነዘር ነበር። ይህን ብዙ ሰዎች ጽፈውታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጻፈው ለመደነቅ ነው። ስለ ዒላማ የሚያስከትለውን ነገር ግን ያሰበበት ጥቂት ነው። ገንዘብ የሆነ ጥይት ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከረጢት ወደ ከረጢት ሲዞር ዓመታት ያሳልፋል። ላብ ይነካዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ አረሩ ከቀለሑ አፍ ይላላል። ለገበያ የሚያስፈልገው መልኩ ስለ ሆነ፣ ውስጡ እንዴት እንዳለ የሚጠይቅ የለም፤ የተተኰሰ ቀለሕ በትንሽ ባሩድ ወይም ያለ ባሩድ ተሞልቶ፣ አረር ተሰክቶበት ቢመለስ እንደ ሌላው ይሄዳል። የሐሰት ብር የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ የሐሰት ጥይት የሚታወቀው ግን ጐሽ ፊት ሲቆሙ ነው።

ሌላው የገንዘብነቱ ውጤት ከዚህ ይበልጥ ጥልቅ ነው። አንድ ሰው ዒላማ ለመልመድ ሃምሳ ጥይት መተኰስ ቢፈልግ፣ ሃምሳ ሳንቲም ወደ አየር እንደ መበተን ይቈጠርበታል። በዚህ ምክንያት ብዙው ሰው ጠመንጃውን የሚተኵሰው በእውነተኛው ቀን ብቻ ነበር፤ ወይም በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ። ጠመንጃው ወዴት እንደሚወረውር ሳያውቅ ዓመታት ይዞት ይኖራል። በአውሮፓ ወታደር ልምምዱን በመንግሥት ጥይት ይማር ነበርና፣ ሁለቱን ማነጻጸር የሕዝብን ጠባይ ሳይሆን የጥይትን ዋጋ ማነጻጸር ነው።

ባሩዱም የራሱ ታሪክ አለው። ጥቍር ባሩድ ከሦስት ነገር ይሠራል፤ ከመቶው ሰባ አምስት ያህሉ የባሩድ ጨው፣ ቀሪው ከሰልና ዲን ነው። ሲቃጠል ከግማሹ የሚበልጠው ወደ ጭስነት ሳይለወጥ አመድና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ያም ዝቃጭ በአፉ ውስጥ እየተጋገረ ቦዩን ይሞላል፤ አምስተኛው ጥይት የሚያልፈው በመጀመሪያው ጥይት መንገድ አይደለም። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ የውጅግራን አረር በወረቀት ጠቅልለው፣ ከሥሩም ቅባት አድርገው ያወጡት ነበር። በአገር ቤት በተሞላው ጥይት ግን ወረቀቱም ቅባቱም ይቀር ነበር። የባሩዱ ልክ ከጥይት ወደ ጥይት ሲለያይ ደግሞ ዒላማው ላይ ልዩ ምልክት ይታያል፤ ቀዳዳዎቹ ወደ ጐን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ይረዝማሉ። ብዙ ባሩድ ያገኘው ፈጥኖ ከፍ ይላል፣ ጥቂት ያገኘው ዘግይቶ ይወርዳል።

ስለ ካፕሱሉ የሚነገረው ነገር ለብዙ ባለ ጠመንጃ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የአሮጌዎቹ ጥይቶች ካፕሱል ሲፈነዳ በአፉ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ በወጥ ቤት ያለው ጨው በክረምት እንደሚያልበው ሁሉ ይህም ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ባለቤቱ ጠመንጃውን ስለሚወድ ዘይት ይቀባዋል፤ ዘይት ባልተገኘበትም ሞራ ያደርግለታል። ነገር ግን ዘይትና ሞራ ጨውን አያሟሙትም፤ ሸፍነውት ያስቀምጡታል እንጂ። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነው። ጠመንጃን በፈላ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ በኋላ መቀባት ይገባ ነበር፤ ብረትን በውሃ ማጠብ ግን ለሚያየው ሰው የሞኝ ሥራ ይመስላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የአዲስ አበባ ዝናብ፣ በጥንቃቄ ተቀብቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስንቱ ጠመንጃ ከውስጡ እንደ ተበላ ማን ይቈጥረዋል!

መወልወልም ራሱ ያበላሻል። አብዛኛው ሰው የመወልወያውን ዘንግ የሚያስገባው በፊት በኩል፣ በአፈ ሙዙ ነው። ዘንጉ አፈ ሙዙን ከአንድ ወገን እየፋቀ ዓመታት ሲቈይ ክብነቱ ይጠፋል፤ አረሩ ከአፉ በሚለይበት ቅጽበት ጭሱ በተፋቀው ወገን ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ይገፋዋል። ጠመንጃ ሁሉን ነገር በደኅና ሠርቶ በመጨረሻው ጫፍ ላይ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ውጅግራን የመሰለው ጠመንጃ መቀርቀሪያው ከኋላ ስለሚወጣ ከኋላ ሊወለወል ይችል ነበር፤ ሬሚንግተንና ሰናድር ግን ለዚህ አይመቹም።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ በወረረች ጊዜ የኢትዮጵያ ወታደር በአንድ ሰልፍ ውስጥ በልጅግም፣ ለበልም፣ ውጅግራም ይዞ ይገኝ ነበር። የጦር መሣሪያን ወደ ኢትዮጵያ ስለ ማስገባት በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈርሞ ነበር፤ ቢሆንም በተግባር በሩ ጠባብ እንደ ሆነ ቈየ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በኢጣልያኖች እጅ የነበረው ምንሽር በአገሩ ሁሉ ተበተነ። ይህ ጠመንጃ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የአፉ ቦይ ጥምዘዛ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ አይደለም፤ ከጓዳው አጠገብ ቀስ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈ ሙዙ ሲቃረብ እየጠበቀ ይሄዳል። አረሩን በሚገባ የሚያሽከረክረው እንግዲህ የመጨረሻው ክንድ ነው። ረጅሙን ምንሽር ለመሸከም እንዲመች ከፊቱ የቈረጠ ሰው ይህን ዋነኛ ክፍል ቈርጦ ጥሏል ማለት ነው። ስሕተቱን የሠሩት መንደርተኞች ብቻ አይደሉም፤ ኢጣልያኖች ራሳቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ረጃጅሞቹን ጠመንጃዎች እየቈረጡ አጫጭር አድርገዋቸው ነበር። ፋብሪካ ያደረገውን የመንደር ቀጥቃጭ ቢያደርገው አያስደንቅም።

አሁን ከፍ አድርጎ መተኰስ ወደሚባለው ክስ መመለስ ይቻላል። የጠመንጃ ማነጣጠሪያ የተሠራው ለአውሮፓ የጦር ሜዳ ነው። በ1898 የወጣው የጀርመን እግረኛ ማውዘር በ1905 ለተለወጠው ጥይት ከተስተካከለ በኋላ የኋላ ማነጣጠሪያው ዝቅተኛ ልክ 400 ሜትር ነበር። በዚህ ልክ ተቃንቶ በ200 ሜትር ላይ ያለውን ነገር መሐሉን ያነጣጠረ ሰው ከመሐሉ ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይመታል፤ ይህም ከስንዝር ይበልጣል፣ ከክንድ ያንሳል። ሰው ከሆነ ደረቱን ያነጣጠረው በራሱ ላይ ያሳልፈዋል፤ ድኵላ ከሆነ ጀርባውን ይዘልለዋል። የጀርመን ወታደር ይህን በትምህርት ያውቀዋል፤ ዝቅ አድርጎ እንዲያነጣጥር ይነገረዋል። መጽሐፉ ያልመጣለት፣ ጠመንጃው ብቻ የመጣለት ሰው ግን ማነጣጠሪያውን አምኖ ይተኵሳል። ለዐይኑ መታመኑ ነው ያሳሳተው።

በውጅግራ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። አረሩ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ሲወጣም በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ መንገዱ እንደ ድንጋይ ውርወራ የጐበጠ ነው። ለ200 ሜትር ተቃንቶ በ300 ሜትር ላይ ቢተኰስ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከውጅግራ ወደ ማውዘር የተሸጋገረ አዳኝ በአሮጌው ልማዱ ከፍ አድርጎ ሲያነጣጥር፣ አዲሱ ጠመንጃ ደግሞ በራሱ ከፍ ሲያደርግ፣ ሁለቱ ተደምረው አውሬውን ሩቅ ያልፉታል። በዚህ ጊዜ አሮጌው ጠመንጃ ይመሰገናል፣ አዲሱ ይሰደባል።

መሬቱም ይጨምርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር አረሩን አያዘገየውም፤ በሩቅ ርቀት ላይ አረሩ ከተገመተው ከፍ ብሎ ይደርሳል። በከተማው ዳርቻ ጠመንጃውን አቃንቶ ወደ አዋሽ ቈላ የወረደ ሰው በመቶ ሜትር ላይ ለውጥ አያይም፤ በአራት መቶ ሜትር ላይ ግን ያይ ይሆናል። ከዚህ የሚበልጠው የገደሉ ነገር ነው። ዋልያም ሆነ ጦር በኢትዮጵያ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው። በ30 ዲግሪ ቍልቍል 200 ሜትር ወደ ራቀ ነገር የሚተኵስ ሰው፣ አረሩን ምድር የምትስበው ለ173 ሜትር ርቀት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ለ200 ቢያቃና ከፍ ይልበታል። ሽቅብ ቢተኵስም ውጤቱ ያው ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ለማመን ይቸገራል። እንግዲህ ማነጣጠሪያው፣ አየሩና ገደሉ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ፣ ይስታሉ። የውጭ ጸሐፊዎቹ ያዩት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሰጡት ምክንያት ግን ከሦስቱ አንዱንም አላነሣም።

የእንጨቱን ነገር በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ጠመንጃ የተቀመጠበት እንጨት በበጋ ይደርቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ብረቱን በአንድ ወገን ሲጫነው ጥይቱ ይዞራል። አንገቱ የተሰነጠቀውን እንጨት በእርጥብ ጠፍር መጠፈር ያገራችን መልካም ብልኀት ነው፤ ጠፍሩ ሲደርቅ እንደ ብረት ያጠብቀዋል። ነገር ግን ጠፍሩ እስከ ብረቱ ድረስ ከተሳበና አብሮ ከጠፈረው፣ ጠመንጃው ሲሞቅ መወጠሪያ ያጣል፤ የመጀመሪያው ጥይት በደኅና ሄዶ ተከታዮቹ ወደ አንድ ወገን እየሸሹ ይሄዳሉ።

ነገሩ ሁሉ የመሣሪያው ነው ብሎ መደምደም ግን ወደ ሌላው ጽንፍ መውደቅ ነው። ከባድ አረር የሚወረውር ጠመንጃ ትከሻን ይመታል፤ ትከሻው አንድ ጊዜ የተመታበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን ይጨፍናል፣ ጠመንጃውንም ሳያውቀው ይገፋዋል። ይህን በሽታ ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም፤ ቢነግሩትም ይቈጣል። የሚታወቅበት ቀላል ዘዴ አለ። ሌላ ሰው ጠመንጃውን ተቀብሎ፣ አንዳንድ ጊዜ ደኅናውን ጥይት፣ አንዳንድ ጊዜ የማይተኵሰውን ባዶ ጥይት ሳያሳየው አጕርሶ ይሰጠዋል። ባዶው ሲመጣ ጠመንጃው ዝም ይላል፤ የአፈ ሙዙ መንቀጥቀጥ ግን ለተመልካቹ ሁሉ ይታያል። የጠመንጃ ያዥ ሥራ እንግዲህ ለዚህም ያገለግል ነበር ማለት ይቻላል፤ የጌታውን ጠመንጃ የሚያጐርሰው እርሱ ስለ ሆነ፣ ጌታው መቼ እንደሚጨፍን ከእርሱ የሚሻል ምስክር የለም። ይህን ለጌታው ደፍሮ የነገረ ጠመንጃ ያዥ ስለ መኖሩ ግን መጠራጠር ይፈቀዳል።

ጥሩ ባለ እጅ የተበላሸ ጠመንጃ ሲመጣለት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ጊዜ ሳተ?» የሚል ሳይሆን «እንዴት ሳተ?» የሚል ነው። ጥይቶቹ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ከመሐል የራቁ እንደ ሆነ ጠመንጃው ደኅና ነው፤ የተጣመመው ማነጣጠሪያው ነው፤ የፊቱን ማነጣጠሪያ ጥቂት ወደ ጐን መምታት ይበቃል። ቀዳዳዎቹ የተበታተኑ እንደ ሆነ ግን ማነጣጠሪያውን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ደግሞ ይህንኑ ከንቱ ድካም ነው። አንዲት ጥይት ወደ ቀኝ ብትስት ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ ይመታል፣ ሁለተኛይቱ ወደ ግራ ስትሄድ ይመልሰዋል፤ እንዲህ ሲያደርግ ጥይቱ ያልቃል። ባለ እጁ ግን አስቀድሞ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ብሎኖቹን ያጠብቃል፣ አፈ ሙዙን በጣቱ ይዳስሳል፣ ውስጡን አጥቦ ወደ ብርሃን ያያል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ጥይት መርጦ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝቶ፣ በመቶ ሜትር ላይ አምስት ጊዜ ይተኵሳል። ውጤቱ ካላማረ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ወይ ጥይቱን፣ ወይ ተኳሹን፣ ወይ የእንጨቱን መጥበቅ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ጠመንጃው ቢድን እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ ንጉሥ ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው፣ ቀጥለውም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው እንደ ጠየቁት ይነገራል። ኢልግ ከውጭ የሚመጣው እንደሚረክስና እንደሚሻል ቢያስረዳም ንጉሡ አልተዉትም፤ ሠርቶም አስረከበ። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ንጉሡ አዲስ ነገር ወዳድ እንደ ነበሩ ለማሳየት ነው። ከዚህ ጥናት አንጻር ሲታይ ግን ሌላ ትርጕም አለው። ብዙ ሺህ ጠመንጃ ከባሕር ማዶ ሊገዙ የተዘጋጁት ንጉሥ፣ ሲበላሽ ሊፈታውና ሊመልሰው የሚችል እጅ በአገራቸው መኖሩን አስቀድመው መፈተናቸው ይመስላል።

ዛሬ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ የሚገዛ ሆኗል፤ ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶቹ ፈርሰዋል። የጠመንጃዎቹ ምስክርነት ግን አልጠፋም። በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር ቤተ መዘክሮች፣ በአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤቶችም፣ ውጅግራና ሬሚንግተን፣ ሰናድርና ምንሽር ተሰቅለው ይገኛሉ። እስካሁን የሚጻፍላቸው የባለቤቱ ስምና የዘመቻው ዓመት ነው። ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ ጠመንጃ አፍ ለስላሳ እርሳስ በቀስታ ገፍቶ ማሳለፍና የወጣውን እርሳስ መለካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የአፉ ስፋት፣ የቦዩ ጥልቀትና የአፈ ሙዙ መፋቅ በቍጥር ይታወቃል። ከየመዝገቡ ሃምሳ ያህል ጠመንጃ እንዲህ ተለክቶ፣ በአጠገቡ ከተገኙት አሮጌ ጥይቶች አረር ጋር ቢነጻጸር፣ የአንድ ትውልድ ወታደር ስለ ምን ከፍ አድርጎ እንደ ተኰሰ የሚናገር ሰነድ ይሆናል።